መጀመሪያ ማጠብ፣ ቀጥሎ መለካት፣ ከዚያ መጠበቅ፦ በቤት ውስጥ ጀርምን የማጥፋት ዝርዝር መመሪያ

በጎንደር ከአራዳ እስከ አዘዞ፣ ከማራኪ እስከ ፒያሳ፣ በረኪና የሌለበት ሱቅ ማግኘት ያስቸግራል። በየቤቱም ከማጠቢያው ጥግ አይጠፋም። የሚጎድለን ዕቃው ሳይሆን አጠቃቀሙ ነው። አንዱ ቤት ሳይለካ አብዝቶ ያፈስና ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። ሌላው ባልዲ ሙሉ ውሃ ላይ ጥቂት ጠብ አድርጎ ጀርሙን ሳይነካው ያልፋል። አብዛኛው ደግሞ ቆሻሻው ላይ አፍስሶ ወዲያው ይጠርገዋል። በሦስቱም መንገድ ገንዘብ ይወጣል፤ በሽታው ግን ከቤት አይወጣም።

ይህን መመሪያ የጻፍሁት ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማችን፣ በጀሪካን ውሃ የሚኖር ቤተሰብ ሊያደርገው የሚችለውን አስቤ ነው። የሚያስፈልገው ሳሙና፣ በረኪና፣ መለኪያ፣ ሰዓትና ትዕግሥት ነው። ከሁሉም በላይ ትዕግሥት!

ማጠብ ለምን ይቀድማል?

በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ጀርምን ከቆሻሻ ለይቶ አያጠቃም። መጀመሪያ ካገኘው ነገር ጋር ይዋሃዳል፤ ደም፣ ዓይነ ምድር፣ ወተት፣ ጭቃ፣ የወጥ ቅባት ሁሉ ይበሉታል። ጀርሙ ጋ ሲደርስ አቅሙ አልቋል። ስለዚህ በማንኛውም ሥራ መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ ከዚያ በረኪናውን መቀባት፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። ለወለልና ለዕቃ ገጽ 10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። በፀሐይ ቶሎ ከደረቀ እንደገና ያርጥቡት።

ጀርሞችም አቅማቸው እኩል አይደለም። የኮሌራ ባክቴሪያና የጉንፋን ቫይረስ ክሎሪንን አይቋቋሙም። የወስፋት እንቁላል ግን ለበረኪና ደንታ የለውም፤ እርሱን የሚያስወግደው በደንብ ማጠብ፣ መላጥና ማብሰል ነው። መንጋጋ ቆልፍ የሚባለውን ቴታነስ የሚያመጣው ጀርም በአፈርና በእንስሳት እበት ውስጥ ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ይኖራል፤ በተራ መቀቀልም ሆነ በአልኮል አይሞትም። ከዚህ በታች ስለ ቁስልና ስለ እትብት አጥብቄ የምናገረው በዚህ ምክንያት ነው።

በረኪናን ማቅጠን

በመጀመሪያ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። በብዛት የሚገኘው 5 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት (ክሎሪን ያለበት የበረኪናው ዋና ንጥረ ነገር) ነው፤ ከዚያ ያነሰም አለ። የተመረተበትንም ቀን ይዩ። በረኪና እየቆየ ይደክማል፤ ሙቀትና ብርሃን ያፋጥኑበታል። ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን ትተው ከውስጥ ያለውን ይጠይቁ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለውን መቶኛ ለሚፈልጉት መቶኛ ያካፍሉና አንድ ይቀንሱ። የሚቀረው ቁጥር ለአንድ እጅ በረኪና ስንት እጅ ውሃ እንደሚጨመር ይነግርዎታል። 5 በመቶ የሆነውን ወደ 0.5 በመቶ ማቅጠን ቢፈልጉ፣ 5 ለ0.5 ሲካፈል 10፣ አንድ ሲቀነስ 9። ስለዚህ አንድ ኩባያ በረኪና ለዘጠኝ ኩባያ ውሃ። ጠርሙሱ 4 በመቶ ቢሆን ለሰባት ኩባያ ውሃ ይሆናል። ኩባያው ትልቅ ይሁን ትንሽ ለውጥ የለውም፤ ሁለቱንም በአንዱ ይለኩ እንጂ።

ከ5 በመቶው በረኪና ለቤት የሚበቁት ሦስት ዓይነት ውህዶች ናቸው። ጠንካራው 0.5 በመቶ፣ አንድ ለዘጠኝ፣ ደም፣ ትውከትና ተቅማጥ ለነካው ቦታ ነው። መካከለኛው 0.1 በመቶ፣ አንድ ለ49፣ ለመጸዳጃ ቤት፣ ለበር እጀታና ለወለል ይሆናል፤ በአምስት ሊትር ባልዲ ሲሰሉት 100 ሚሊ ሊትር በረኪና ማለት ነው። ቀጭኑ 0.05 በመቶ፣ አንድ ለ99፣ ለታጠበ ልብስና ለጀሪካን ውስጥ ይበቃል። ከዚህ የበለጠ ማወፈር ጀርሙን በተሻለ አይገድለውም፤ የሚያቃጥለው ሳንባዎን ነው።

ሲያዘጋጁ በር ወይም መስኮት ይክፈቱ፣ ጓንት ያድርጉ፣ የፕላስቲክ ባልዲ ይጠቀሙ፤ ብረትን ይበላዋልና። መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ውሃ ያድርጉ፣ በረኪናውን ከላይ ይጨምሩ፤ እንዲህ ሲሆን ወደ ዓይን አይረጭም። ሙቅ ውሃ አይጠቀሙ፤ ኃይሉን ያጠፋዋል። የተቀጠነው በረኪና ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም፤ ነገ ሌላ ይቀጠናል።

ኮምጣጤ፣ ሎሚ፣ ወይም አሲድ ያለበት የመጸዳጃ ማጽጃ ከበረኪና ጋር በፍጹም አይቀላቀልም። የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋርም እንደዚያው። ሁለት ነገር ሲቀላቀል ይበረታል ብሎ የሚያስብ ሰው ቤትዎ ካለ ይህን አንቀጽ ያንብቡለት።

ውሃ

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከምንጩ ሳይሆን ከጀሪካኑ ነው። እጅዎ አይገባበትም፤ ስለዚህ ውስጡ የሚያሟልጭ ንብርብር ይይዛል፤ ጀርሞቹ በዚያ ሥር ተሸሽገው ይኖራሉ። ጀሪካኑን በሳምንት አንዴ እንዲህ ያጽዱ። ጥቂት ውሃ፣ የዱቄት ሳሙናና አንድ እፍኝ ንጹሕ ጠጠር ያስገቡበት፤ ክዳኑን ገጥመው በየጎኑ እያገላበጡ በኃይል ይናጡት። አፍስሰው ጠጠሩ እስኪወጣና አረፋው እስኪጠፋ ያለቅልቁ። ከዚያ ቀጭኑን የበረኪና ውህድ ጨምረው ሁሉንም ጎን እንዲነካ አድርገው 30 ደቂቃ ያቆዩት፤ በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። ጋንና እንስራ በግራዋ ሲፈተግ፣ የወተት ዕቃ በወይራ ሲታጠን የኖረው ቤተሰብ ይህን ሐሳብ ያውቀዋል፤ መፈተግ መጀመሪያ፣ ማጠን ቀጥሎ። የወይራ ጭስ በእርግጥም የባክቴሪያን እድገት ያዘገያል፤ የወተት ዕቃን ማጠን ይቀጥሉበት።

የሚጠጣ ውሃ ድፍርስ ከሆነ መጀመሪያ እስኪጠል ይተዉት፤ ከዚያ ታጥፎ በተደራረበ ንጹሕ ጨርቅ ያጥልሉት። በክረምት ይህ ደረጃ አይታለፍም። ቀጥሎ ካሉት መንገዶች አንዱን ይምረጡ።

መቀቀል ከሁሉም ይታመናል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ መንቀልቀል ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይተዉት። በቆላ ላለ ዘመድዎ 1 ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ በራሱ ክዳን ያቀዝቅዙት።

የውሃ ማከሚያ ከፋርማሲ ወይም ከጤና ጣቢያ ካገኙ፣ ለምሳሌ ውሃ አጋር፣ መመሪያውን በትክክል ይከተሉና 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ለውሃ ተብሎ የተዘጋጀ ስለሆነ ከበረኪና ይመረጣል። እርሱ ከሌለ ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና ለአንድ ሊትር ጥርት ያለ ውሃ 2 ጠብታ ይሆናል። ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ጠብታ ወይም 2 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ገዝተው ቢለኩ አይሳሳቱም። በደንብ ነቅንቀው 30 ደቂቃ ያቆዩት። ሲያሸቱት ቀላል የክሎሪን ሽታ ሊኖረው ይገባል፤ ከሌለው ያንኑ መጠን አንድ ጊዜ ይድገሙና ሌላ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ሕፃናት ሽታውን ከጠሉት ክዳኑን ከፍተው ጥቂት ሰዓት ቢያቆዩት ይቀንሳል።

በበጋ ደግሞ ፀሐይ ነጻ መድኃኒት ናት። ጥርት ያለ ውሃ በንጹሕ ሃይላንድ ሞልተው ጣሪያ ላይ አጋድመው 6 ሰዓት ያቆዩት፤ ሰማዩ ከደመነ ሁለት ቀን ያስፈልገዋል። በሐምሌና በነሐሴ አይሞክሩት።

የታከመውን ውሃ መልሶ የሚበክለው ኩባያ የያዘ እጅ ነው። ውሃው ቧንቧ ባለው ወይም አፉ ጠባብ በሆነ ዕቃ ይቀመጥ፤ ከዚያ ይቀዳ እንጂ አይጠለቅበት። ለጥምቀት ከከተራ ጀምሮ እንግዳ በሚሞላበት ቤት ይህ እጥፍ ያሳስባል። አሥር ሰው በአንድ ማሰሮ ሲጠልቅ የአንዱ ተቅማጥ የአሥሩ ይሆናል። ከበዓሉ በፊት ባለው ቀን ሁለት ጀሪካን የታከመ ውሃ ለመጠጥ ብቻ ለይተው ያስቀምጡ፤ ምልክትም ያድርጉበት።

ለሰላጣና ለቲማቲም፦ በሚፈስ ውሃ እያንዳንዱን ቅጠል ለብቻው ይጠቡ፤ በአምስት ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ 5 በመቶ በረኪና ጨምረው 10 ደቂቃ ይዘፍዝፉ፤ በሚጠጣ ውሃ ያለቅልቁ። ይህም ቢሆን የወስፋትን እንቁላል አይገድልም። በወንዝ ዳር በመስኖ የበቀለ ቅጠል ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ቢበስል እመርጣለሁ።

እጅ

በሳሙና ቢያንስ 20 ሴኮንድ፤ መዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ በጣቶች መካከል፣ አውራ ጣት፣ ከጥፍር ሥር። ከመጸዳጃ በኋላ፣ ሕፃን ካጸዱ በኋላ፣ ከማብሰልና ከመብላት በፊት። በጋራ ማዕድ ለሚበላ፣ ለሚያጎርስ ሕዝብ ከዚህ የሚበልጥ ክትባት የለም። ሳሙና ከሌለ ንጹሕ አመድ ያገለግላል። የእጅ አልኮል ከ60 በመቶ ያላነሰ መሆን አለበት፤ የታወቀው 70 በመቶው ነው። ከእርሱ የሚበልጠው ንጹሕ አልኮል ግን ይብሳል፤ አልኮል የጀርሙን አካል ለማፍረስ ውሃ ያስፈልገዋልና። ዳግም አረቄም ቢሆን ከዚህ ልክ አይደርስም፤ እጅም ቁስልም አይታከምበት።

ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው ሰው ቤት ውስጥ ሲኖር

ጓንት ያድርጉ፤ ከሌለ ሁለት የላስቲክ ከረጢት በእጅዎ ላይ ይልበሱ። የፈሰሰውን በአሮጌ ጨርቅ ወይም በወረቀት ይሸፍኑ፣ ጠንካራውን 0.5 በመቶ ውህድ ያፍስሱበትና 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ሰብስበው ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ ይክተቱ። ከዚያ ቦታውን በሳሙና ይጠቡና ውህዱን እንደገና ቀብተው ሌላ 10 ደቂቃ ይተዉት። ሁለት ጊዜ መሆኑ ድካም አይምሰልዎ፤ የመጀመሪያው የሚያለዝበው ብዛቱን ነው፣ ሁለተኛው ነው የቀረውን የሚገድለው።

ልብሱና አንሶላው በሳሙና ከታጠበ በኋላ በቀጭኑ ውህድ 30 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። ጥለት ያለውን ነጠላና ባለ ቀለም ልብስ በረኪና ያጠፋዋል፤ እርሱን በፈላ ውሃ ቀቅለው በቀትር ፀሐይ ያስጡት። በሽተኛውን የሚያስታምም ሰው ምግብ ባያበስል ጥሩ ነው። በሽተኛው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር መጠጣት ይጀምር፤ ተቅማጡ የሩዝ ውሃ መስሎ ከበዛ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ቁስል

መጀመሪያ የራስዎን እጅ ይጠቡ። ደሙን በንጹሕ ጨርቅ ተጭነው ያቁሙ። ቀጥሎ ቁስሉን በብዙ የሚጠጣ ውሃ ያጥቡት፤ በዙሪያው ያለውን ቆዳ በሳሙና። ጀሪካን ከፍ አድርጎ ይዞ ማንቆርቆር ከመንከር ይሻላል፤ ፈሳሹ ግፊት ስላለው አፈሩን ያወጣዋል። የቁስል ሕክምና ትልቁ ክፍል ይህ ነው። ፖቪዶን አዮዲን የሚባለው ቡናማ የቁስል መድኃኒት ካለ ይቀቡና እስኪደርቅ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ንጹሕ ጎዝ ያድርጉበትና በየቀኑ ይቀይሩት።

የቡና ዱቄት፣ አመድ፣ እበት፣ ጥሬ ቅቤ ቁስል ላይ አይደረግም። ደሙን ያቆመ ይመስላል እንጂ ቴታነስን በቀጥታ ማስገባት ነው። በረኪናም በቁስል ላይ አይደረግም። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አረፋው ያማልላል፤ ነገር ግን አዲስ የሚበቅለውን ሥጋም ይጎዳል፤ በየቀኑ አይጠቀሙበት። መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ከጋለ፣ መግል ከያዘ፣ ቀይ መስመር ወደ ላይ ከወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ቁስሉ አመርቅዟልና ሐኪም ይየው። ምስማር የወጋው፣ በአፈር ወይም በእበት የተበከለ፣ ጥልቅ የሆነ ቁስል ካለና የመጨረሻውን የቴታነስ ክትባት ከወሰዱ 5 ዓመት ካለፈ ተጨማሪ ክትባት ያስፈልጋል።

የውሻ ንክሻ ለብቻው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ከዚያ በፊት ግን ፈጽሞ መከላከል ይቻላል። ቫይረሱን ሳሙና ያጠፋዋል። ስለዚህ የተነከሰው ቦታ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ። በሰዓት ይቆጠር እንጂ በግምት አይሁን፤ ሕፃኑ ቢያለቅስም ይቀጥሉ። ከዚያ ፖቪዶን አዮዲን ወይም 70 በመቶ አልኮል ይቀቡና በዚያው ቀን ለክትባት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ጭረት ብቻ ቢሆንም፣ ውሻው የጎረቤት ቢሆንም ይሂዱ። ወደ ባህል መድኃኒት መሄድ የሚያባክነው ሰዓት አይመለስም። እባክዎ ይህን ለሚያውቁት ሁሉ ይንገሩ።

የሕፃን እትብት

እትብት ከተቆረጠ በኋላ የሚቀረው ቁራጭ ለጥቂት ቀናት ክፍት በር ነው። ቅቤ መቀባት ከፍቅር የመጣ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አያቶቻችን ሕፃኑ እንዲለሰልስለት ብለው ነው ያደረጉት። ቅቤና እበት ግን የቴታነስን ጀርም ይዘው ይመጣሉ። እትብቱ ደረቅና ንጹሕ ሆኖ ይቀመጥ፤ ዳይፐሩ ከእትብቱ በታች ይታጠፍ። አዋላጅዋ ክሎርሄክሲዲን የሚባል ጀርም ገዳይ ጄል ከሰጠች እትብቱ ላይ ብቻ ይቀባል። ቱቦው የዓይን ቅባት ስለሚመስል ከዓይን መድኃኒት ጋር አንድ ላይ አያስቀምጡት፤ በስህተት ዓይናቸው የተጎዳ ሕፃናት አሉ። እናት በእርግዝና ወቅት የምትወስደው የቴታነስ ክትባት ሕፃኑንም ይጠብቀዋል። አራስ ጠያቂ ሁሉ፣ እመዋ ሳይቀሩ፣ ሕፃኑን ከመታቀፍ በፊት እጁን ይታጠብ፤ በአክብሮት ውሃና ሳሙና ቢቀርብ ቅር የሚለው የለም።

ምላጭና የጸጉር ቤት መሣሪያ

የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት ይቆያል። ስለዚህ ምላጭ የአንድ ሰው፣ የአንድ ጊዜ ነው። በእሳት ለብ ማድረግ ወይም በአልኮል መጥረግ አዲስ አያደርገውም። ጸጉር ቤት ሲገቡ አዲስ ምላጭ ከማሸጊያው ሲወጣ ይዩ፤ መጠየቅ መብትዎ ነው። ቶንዶዝ ከተቻለ የራስዎን ይያዙ። ባለሙያው ደግሞ የማሽኑን ጥርስ ጸጉሩን በብሩሽ አራግፎ፣ አጽድቶ፣ በ70 በመቶ አልኮል አርሶ በራሱ እስኪደርቅ ይተወው። የሚፈታውን ብረት በሳሙና አጥቦ 20 ደቂቃ መቀቀል ከዚህ የተሻለ ነው፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው ውሃው ሲፈላ ነው፤ በመሐል ሌላ መቀስ ቢጨመርበት ከዜሮ ይጀመራል። ይህም ሆኖ ማምከን አይባልም። ማምከን በሆስፒታል አውቶክሌቭ በ121 ዲግሪ የእንፋሎት ግፊት የሚሠራ ነውና ጆሮ መብሳትም ሆነ ግርዛት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት፣ የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች ሰልጥነው ወደየገጠሩ የወጡባት ከተማ ናት። በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አለች። ከዚህ ጽሑፍ ያልገባዎትን እርሷን ይጠይቁ፤ በረኪናውንና መለኪያውን ይዘው ቢሄዱ አብራችሁ ታቀጥኑታላችሁ።

አቀማመጥና አደጋ

በረኪና በራሱ ጠርሙስ፣ በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ፣ ሕፃን በማይደርስበት ከፍታ ይቀመጥ። በሃይላንድ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ ገልብጠው አያስቀምጡ፤ የተጠማ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ከጠጣ አፉን ያጉመጥምጡት፣ ንቁ ከሆነና መዋጥ ከቻለ ጥቂት ውሃ ይስጡት። እንዲያስመልሰው አያስገድዱት፤ የወረደበትን ጉሮሮ ሲመለስ ድጋሚ ያቃጥለዋል። ጠርሙሱን ይዘው ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ዓይን ውስጥ ከገባ የዓይንን ሽፋን ከፍተው ቢያንስ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ያንቆርቁሩበት፤ ከዚያ ሐኪም ይየው። በስህተት ከሌላ ማጽጃ ጋር ተቀላቅሎ ጋዝ ከወጣ ደግሞ ባልዲውን ለማፍሰስ አይቁሙ፤ በሩን ከፍተው ሁሉንም ሰው ይዘው ይውጡ፤ ሽታው ሳይጠፋም አይመለሱ።